«ፍኖተ ሰላም» ስንት ፊደል ናት?

ቡሬ ላይ መንገዱ ሦስት ይሆናል። አንዱ በማንኩሳ አድርጎ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ አንዱ በኮሶበር በኩል ባሕር ዳር ይገባል፤ ሦስተኛው ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይደርሳል። ስለዚህ የገበያ ቀን በርበሬ ተራ የቆመ ሰው ሦስት ቋንቋ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ እዚያ በርበሬ ትሸጣለች። ከአዊ ለመጣ ገዢ በአገውኛ ዋጋ ትጠራለች፣ ከዓባይ ማዶ ከመጣ ነጋዴ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ እኔን ስታይ «ና ዓለሜ፣ አረፍ በል» ብላ ባዶ ጆንያ ታነጥፍልኛለች። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ሦስት ቋንቋ ማወቅሽ ምን ጠቀመሽ ብትባል ግን መልሷ አጭር ነው፦ «የማላውቀው ሰው የሚያስበውን እሰማለሁ።»

ወደ ቡሬ የወሰደኝ የልጇ ጥያቄ ነው። ልጁ በቴክኒክና ሙያ አይሲቲ ተምሮ ጨርሷል፤ ሥራ ይፈልጋል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የለመደው በስልኩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጁ የቀረው ያለ ኔትወርክ የሚሠራ አንድ መተግበሪያና ቀድሞ ያወረደው መመሪያ ብቻ ነበር። በእነዚያ ረጅም ወራት ያንኑ መመሪያ እንደ ዳዊት ደጋግሞ አነበበው። መስመሩ ሲመለስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፓይተን ጨርሻለሁ። አሁን ሌላ ቋንቋ ብጨምር ጊዜ ማባከን ነው ወይስ ጥቅም አለው?»

በስልክ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ላፕቶፔንና ፍላሼን ይዤ ሄድኩ።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። መብራት ጠፍቶ ነበርና የልጁ አሮጌ ላፕቶፕ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ባትሪው ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። «ፍኖተ ሰላም ብለህ ጻፍና ርዝመቱን ፓይተንን ጠይቀው» አልኩት። ጻፈ፣ ጠየቀ። 7 አለው። ሦስት ፊደል፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ሦስት ፊደል። ትክክል ነው። ከዚያ «ሲ» የተባለውን ቋንቋ ለማሽኑ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር ከፍላሼ ጫንኩለትና ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ጥያቄ አብረን ጻፍን። መልሱ 19 ሆነ።

ልጁ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየው። በጣቱ እየጠቆመ ፊደሎቹን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «ይሄ ቋንቋ ተሳስቷል ጋሼ» አለኝ።

አልተሳሳተም። ፓይተን ሰው እንደሚያነበው ፊደል ይቆጥራል፤ «ሲ» ማሽኑ እንደሚያስቀምጠው ባይት ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስድስት ፊደል በ3 ሲባዛ 18፣ ክፍት ቦታው 1፣ ድምሩ 19።

ይህን ለምን አጥብቄ እንደማነሣ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ፕሮግራም ስንሠራ ከሠሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ቋንቋ ነበር፤ ፊደል በፊደልነቱ የሚቆጥር። ለስም የመደብነው ቦታ 20 ነበር። ለእኛ 20 ማለት 20 ፊደል ነው። መረጃው የሚቀመጥበት ሥርዓት ግን የሚለካው በባይት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። ገብረመስቀል የሚለው ስም ሰባት ፊደል ነው፤ 21 ባይት። ሃያው ላይ ሲቆረጥ ስድስቱ ፊደል ደኅና ወጥቶ የመጨረሻው «ል» ከሦስት ባይቱ ሁለቱ ብቻ ቀርቶለት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ታተመ። ሽማግሌው ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ስሜን ምን በላው?» አሉ። በዚያ ሰዓት የምመልሰው አልነበረኝም። ስህተቱን ያገኘነው ከብዙ ቀን በኋላ «ሲ» የሚያውቅ ባልደረባ መጥቶ በአሥር ደቂቃ ነው። ከእኛ የበለጠ ብልህ ስለሆነ አልነበረም፤ እኛ የማናየውን የሚያሳይ ቋንቋ ስለተማረ ነው።

ሁለተኛ ቋንቋ የመማር ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቋንቋህ ለአንተ ብሎ የሸፈነልህን ነገር ሁለተኛው ገልጦ ያሳይሃል። ቋንቋ ሁሉ አንድ ነገር አጉልቶ አንድ ነገር ይደብቃል። ደባቂነቱ ክፋት አይደለም፤ ፓይተን ባይቱን ባይደብቅልን ኖሮ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ግን የተደበቀ ነገር መኖሩን ሳያውቁ መኖር ሌላ ነው።

በራሳችን ቋንቋ ብናየው ይቀለናል። የአክስቴ ልጅ ገዢዋን በአማርኛ «ግዛ» ወይም «ግዢ» ወይም «ይግዙ» ሳትል ማለፍ አትችልም። ግሡ ራሱ ወንድ ነው ሴት፣ እኩያ ነው ታላቅ ብሎ ያስገድዳታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ግዴታ የለበትም፤ አንዲት ቃል ለሕፃኑም ለጳጳሱም ትበቃዋለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አክብሮት አያውቅም ማለት አይደለም፤ ቋንቋው አፍ ባስከፈተው ቁጥር አይጠይቀውም ማለት ነው እንጂ። በፕሮግራሚንግም እንዲሁ ነው። «ሲ» እና ጃቫ የተባለው ሌላ ቋንቋ ገና ከመነሻው «ይህ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? ቁጥር ከሆነስ ምን ያህል ያድጋል?» ብለው ያስምሉሃል። ፓይተን ዝም ይልሃል፤ ማንነቱን ሲደርስበት ያየዋል።

ልጁ ለአጎቱ የጻፈው ፕሮግራም ነበረው። አጎቱ የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነው፤ ገበሬዎች የወሰዱትን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በደብተር ይመዘግባል። ይህ አካባቢ የበቆሎ አገር ነው፤ ከጃቢ ጠህናን እስከ ወንበርማ ክረምቱ የሚከፈተው በዳፕና በዩሪያ ወረፋ ነው። ልጁ ያንን ደብተር ወደ ፓይተን አዛወረው። ጎበዝ ሥራ ነው። ግን ስልክ የሌለው ገበሬ ሲመጣ ፕሮግራሙ መሐል ላይ ይሞታል። የስልኩ ቦታ ባዶ ሆኗላ።

ኮትሊን የተባለውን ቋንቋ አሳየሁት፤ ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአንድሮይድ መተግበሪያ ቅድሚያ የሰጠው ነው። በኮትሊን ባዶ ሊሆን የሚችልን ነገር በጥያቄ ምልክት አስቀድመህ ካላስታወቅህ፣ ባዶ ቢሆን ምን እንደሚደረግም ካልተናገርህ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ አይቀበልህም። ቶኒ ሆር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ባዶ ነገርን የሚያመለክተውን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 ቋንቋ ውስጥ አስገብቶ ከ44 ዓመት በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል፤ ያደረሰውን ኪሳራ በቢሊዮን ዶላር ነው የገመተው። ልጁ ኮትሊንን ገና አልተማረም። የጥያቄ ምልክቷን ካየ በኋላ ግን ወደ ፓይተኑ ተመልሶ በእያንዳንዱ ቦታ «ባዶ ቢሆንስ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ስልክ የሌለው ገበሬም ተመዘገበ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ አለ። ሒሳቡን በሳንቲም እንዲይዝ መከርኩት፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሲደመር ስለሚሸራረፍ። በፓይተን ሙሉ ቁጥር የፈለገውን ያህል ያድጋል፤ ገደቡ የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ነው። በጃቫ ግን የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። በሳንቲም ሲሆን 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም። አንዲት ሳንቲም ብትጨመርበት ቁጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ሁለት ቢሊዮን ይሆናል፤ ማኅበሩ በአንድ ሌሊት ባለዕዳ ሆኖ ያድራል። ጃቫ ለዚህ ሰፋ ያለ ዓይነት አለው፤ ግን መምረጥ እንዳለብህ የምታውቀው የምትጽፍበትን ቋንቋ ስታውቅ ነው። ልጁ ፓይተኑን ወደ ሌላ ቋንቋ ሊያዛውረው ያስብ ነበርና ይህን ሲሰማ ደብተሩን አውጥቶ ቁጥሩን ጻፈው።

ሁለተኛ ቋንቋ መማር የቅኔ ቤትን ያስታውሰኛል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄድ መሐል ላይ ማንኩሳ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው በዛብህን ያስወለዱባት መንደር። በዛብህ ከዚህ ተነሥቶ ቅኔ ፍለጋ የሄደ ተማሪ ነው፤ ይህ አገር እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲልክና ሲቀበል የኖረ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ በአንድ የኔታ እግር ሥር ቅኔ ከቆጠረ በኋላ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። የዋድላ ቤት አለ፣ የጎንጅ ቤት አለ፣ የዋሸራ ቤት አለ። ግዕዙ አንድ ነው፤ ግሡን የሚያወርዱበት፣ አገባቡን የሚያስኬዱበት መንገድ ግን ይለያያል። ሁለተኛው ቤት የገባ ተማሪ ግዕዝን ከሀ አይጀምርም። የሚማረው የለመደው መንገድ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ነው። በአንድ ቤትም ውስጥ ቢሆን ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት በ2 ቤት፣ ማለትም በ2 ስንኝ ያልቃል፤ መወድስ የተባለው 8 ቤት ይፈልጋል። በሁለት ቤት ምሥጢር መቋጠር የለመደ ተማሪ ስምንት ቤት ሲሰጠው የሚያየው ሌላ ነው። ልኩ ሐሳቡን ይቀርጸዋል።

አለን ፐርሊስ የተባለው አሜሪካዊ፣ የቱሪንግን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ሆኖ የተቀበለው ሊቅ፣ አስተሳሰብህን ለማይለውጥ ቋንቋ ጊዜህን አትስጥ የሚል ምክር እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፏል። የቅኔ መምህራኑ ቢሰሙት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ከዚህ የሚከተለውን ግን ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ጃቫ ለሚያውቅ ሰው ከጃቫ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ ቋንቋ መማር በአንድ ቤት ሁለት የኔታ እንደመለዋወጥ ነው፤ ለሥራ ይጠቅም ይሆናል፣ ዓይን አይከፍትም። ራቅ ያለውን ምረጥ።

ለልጁ የመረጥኩለት ራቅ ያለ ቋንቋ ኤስኪውኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ፣ ዛሬም የባንክ፣ የሆስፒታልና የቴሌ መዝገብ የሚጠየቅበት። «ከአምስት ኩንታል በላይ የወሰዱትን ገበሬዎች በየጎጡ ለይቶ የሚደምር» ለመጻፍ በፓይተን ስልሳ መስመር ገደማ ፈጅቶበት ነበር፤ ክፈት፣ አንብብ፣ እይ፣ ያዝ፣ ደምር፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ። በኤስኪውኤል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅ ሱቅ ስትልክ «ጨው አምጣ» ትለዋለህ እንጂ «ቀኝ እግርህን አንሣ፣ በሩን ክፈት» አትለውም። ኤስኪውኤል የሚፈለገውን ትነግረዋለህ፣ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። ልጁ ያችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ሳልነግረው ያንን የፓይተን ስልሳ መስመር ከፍቶ መሰረዝ ጀመረ። ፓይተንም ለካ በአጭሩ መናገር ይችል ነበር፤ እሱ ነው እግር በእግር ሲያዝዘው የኖረው።

ስለ ቀን አቆጣጠራችንም አንድ ነገር ላሳይ። ፓይተንን ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ብላችሁ ብትሰጡት፣ ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ይመልስላችኋል። በመደበኛው የቀን ዕቃው ዘንድ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ልጁ ቀን የሚቀይር ኮድ ከባዶ ጽፎ ነበር፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ ስድስት መሆኗን ረስቶ። ጃቫስክሪፕት በተባለው የብራውዘር ቋንቋ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ብራውዘሩ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ በአንድ መስመር ትዕዛዝ የዛሬውን ቀን ከነወሩ ስም በአማርኛ ያወጣዋል። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጎረቤት ያለውን ወፍጮ ሳያይ በድንጋይ ሲፈጭ ይውላል።

ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ የዋለበትን ታሪክ ራሱ ብታዩት በአንድ ቋንቋ ብቻ የተሠራ አይደለም። ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነው። ሊብኤት የተባለውን የመሣሪያ ስብስብ በ«ሲ» ጻፈው፤ ፊደሎቻችንን በቤታቸውና በዘራቸው እየለየ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልገውን መሣሪያ ግን የጻፈው በፐርል ነው። ፐርል ጽሑፍ ለመፈለግና ለመለዋወጥ የተመቸ ቋንቋ ነውና። ቃል ወደ ሥሩና ወደ ቅጥያው መፍታት ሲፈለግ ደግሞ ማይክል ጋሰር የተባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን የሚተነትነውን ሆርንሞርፎን በፓይተን ሠራው። ፊደል፣ ቃል፣ ማሽን፤ እንደየጠባያቸው የተመረጠ ቋንቋ። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ኩባንያ ባለሙያዎችም በሠሩበት ኦፕንኮግ በተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራ ውስጥ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ስኪምና ፓይተን በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ወጣቱ በነፃ እንዲማር በር ከፍቷል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለበት። ደስ ይለኛል። ግን ሰርተፊኬቱን ሲቆጥሩ የማያቸው ልጆች ያሳስቡኛል፤ «ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?» ሲባሉ ስምንት፣ ዘጠኝ ብለው ይዘረዝራሉ፤ በአንዱም ሠርተው የጨረሱት ነገር የለም። ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት ከቤት ቤት የሚዞር ልጅ ዘዋሪ እንጂ ተማሪ አይባልም። በአንዱ ቋንቋ ሰው የሚጠቀምበት ነገር፣ ትንሽም ትሁን፣ ሠርተህ ጨርስ። ልጁ የአጎቱን ደብተር ስለሠራ ነው ሁለተኛው ቋንቋ የሚናገረው ሁሉ የገባው። የሚያነጻጽርበት የራሱ ሥራ ነበረው።

ሥራው ራሱ ደግሞ ከምናስበው በተለየ ቋንቋ ሊመጣ ይችላል። ቡሬ በአገሪቱ መጀመሪያ ከተገነቡት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ ያለባት ከተማ ናት። በዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩን የሚያስነሣውና ቫልቩን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ፒኤልሲ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እሱም የራሱ ቋንቋዎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አምስት አድርጎ ደንግጓቸው ነበር። ከሁሉም የታወቀው መሰላል ይባላል፤ ኤሌክትሪሻን የሚስለውን የሽቦ ሥዕል ስለሚመስል። ከላይ እስከ ታች ያለው መወጣጫ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነበባል፣ ያለ ማቋረጥ። ፓይተን አንድ ጊዜ ከላይ ወርዶ ሲያበቃ መሰላሉ አያበቃም። ልጁ ይህን ስስልለት «ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ አልኩት።

ባትሪው ሊያልቅ ሲል ወደ 19ኟ ተመለሰ። አልለቀቀችውም። «እነዚያ 19ኙ ምንድን ናቸው? ላያቸው እፈልጋለሁ» አለ። በ«ሲ» አንድ በአንድ አሳተማቸው። የ«ፍ» ሦስቱ 225፣ 141፣ 141 ሆኑ። የ«ኖ» 225፣ 138፣ 150። የ«ተ» 225፣ 137፣ 176። ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ 225 ያለበትን ቦታ ሁሉ መቁጠር ጀመረ። ስድስት። «ጋሼ፣ ሁሉም በ225 ነው የሚጀምሩት!» ድምፁ ከፍ ስላለ እናቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

ፓይተኑን ከፈተና ያንኑ ባይት እንዲያሳየው ጠየቀው። ፓይተንም አሳየው፤ 225፣ 141፣ 141።

«ያውቅ ነበር እንዴ?» አለ ልጁ።

«ጠይቀኸው አታውቅም» አልኩት።

እናቱ ገበያ የዋለ በርበሬዋን በሰፌድ እያበጠረች ስሟን እንዲጽፍላት ጠየቀችው። ጻፈው። ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። «በየትኛው ልንገርሽ?» አላት፤ ባትሪው ሦስት በመቶ ላይ ነበር።